የአባዬ የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ በዕለቱ ቀረ፤ ከለጋሽ የመጣው ብሌን ምን ሆኖ ነው?

የሰቃ_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከጅማ ነው፣ ከቆጪ። ሐኪም ፊት ቆሜ መጠየቅ ያቃተኝን እዚህ ልጠይቅ ብዬ መጣሁ።

አባዬ 63 ዓመቱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ኅዳር ላይ፣ ሰቃ በኩል ባለችው ማሳችን ቡና ሲለቅም ጎትቶ ያጎነበሰው ቅርንጫፍ ከእጁ አምልጦ ቀኝ ዓይኑን ገረፈው። ቀላል መስሎት ለቀማውን ጨርሶ ገባ። ማታ አንድ ጎረቤት ቅጠል ጨምቆ ዓይኑ ውስጥ አንጠባጠበለት። በሳምንቱ ነጭ ነጥብ ወጣበት። ሐኪም ቤት ስንወስደው ፈንገስ ነው ተባለ፤ ጠብታው ብቻ ከአራት ወር በላይ ፈጀ። ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳው ግን መሃል ላይ ቁጭ አለ። አሁን በዚያ ዓይኑ ጨለማና ብርሃን ይለያል፣ እጄን ሳወዛውዝ ይታየዋል፣ በቃ። ግራው ደግሞ ሞራ እየጀመረው ነው።

አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት፤ ብሌን ይቀየርለታል ተብሎ ስሙ ተመዘገበ። ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅን። ባለፈው ወር ማክሰኞ ተደወለ፤ "ብሌን ተገኝቷል፣ ሐሙስ ጠዋት ድረሱ።" ረቡዕ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መናኸሪያ ነበርን። 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ጊቤን ወርደን ወጥተን፣ አባዬ አንድ ጊዜ እንኳን አላሸለበም። ሐሙስ ሳይበላ ሳይጠጣ ልብሱን ቀይረው፣ ግንባሩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው አስገቡት። እኔ በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ወጣ። ዓይኑ አልተሸፈነም፣ ምንም የለበትም። "ዛሬ አይሠራም፣ ብሌኑ አልሆነም፣ እንደውላለን" አሉን። ይኸው ነው። ማን ምን እንዳየ፣ ለምን እንዳልሆነ የነገረን የለም። አርብ ጅማ ገባን።

ወንድሜ "ገንዘብ ላለው ሰጥተውት ነው" ይላል። እኔ እንደዚያ ማመን አልፈልግም፤ ግን የምመልስለት የለኝም። ብሌኑ ከሟች ከተወሰደ በኋላ ምን ምን ይደረግበታል? ተገኘ ከተባለ ታዲያ እንዴት በር ላይ ደርሶ "አልሆነም" ይሆናል? ብቸኛ ሴት ልጁ ነኝ፤ በቀን ሦስቴ የሚጠይቀው እኔን ነው።

ሾፌሩ_22

አይዞሽ እህቴ። እኔ ዓይኔ ወደ ፊት እየሾጠጠ ሄዶ መነጽር አልመልሰው ሲል ነው የተቀየረልኝ። እኔም አንድ ጊዜ ከበር ተመልሻለሁ፤ ያኔ ያማረርኩትን ሳስበው ዛሬ ያሳፍረኛል። በሁለተኛው ተሠራልኝ፣ 16 ስፌት። ክሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ከዓመት በላይ ሄዷል። አሁን ሚኒባስ እነዳለሁ። ምክንያቱን ግን እኔም አልጠየቅኩም፤ የሚያውቅ ካለ እኔም ልማር።

ሲስተር_ሂርማታ

የሰቃ ልጅ፣ እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፤ ሂርማታ ነው ያደግሁት። አዲስ አበባ በዓይን ኦፕራሲዮን ክፍል 9 ዓመት መሣሪያ አቀባይ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የአባትሽንም ካርድ አላየሁም። ግን ያቺን ጠርሙስ ብዙ ጊዜ በእጄ ይዣታለሁና ስለ እሷ ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ቡና አፍልተሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሁላችንም "ብሌን" እንላለን፤ ብሌን ግን መሃል ያለችው ጥቁሯ ናት። የምትተከለው እሷ አይደለችም። ከፊቷ እንደ ሰዓት መስታወት የተደፋችው ጥርት ያለች ሽፋን ናት፣ ኮርኒያ። ስፋቷ 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ውፍረቷ መሃሏ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ደም ስር የላትም፤ ስለዚህ እንደ ኩላሊት የደም ዓይነት ይመሳሰል ብሎ ነገር በተለምዶ የለም። (የአባትሽ ጠባሳ ላይ ደም ስር ገብቶበት ከሆነ ሰውነታቸው አዲሷን የመግፋት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ይህን ሐኪሙን ጠይቂው።)

ነገሩ ሁሉ ያለው ከጀርባዋ ነው። ከጀርባዋ አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ተነጥፏል፣ በባዶ ዓይን አይታይም። ክረምት አዌቱ ሲሞላ ዳሩ ላይ ያለ ቤት አይተሻል? ውሃው ከስር ይሰርጋል፣ ቤተሰቡ በባልዲ እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋል። ቀጂው ካልደከመ ቤቱ አይሰምጥም። ኮርኒያም እንደዚያ ቤት ናት። ከዓይን ውስጥ ያለው ውሃ ሌት ተቀን ይሰርግባታል፤ የጀርባዎቹ ሕዋሶች ሌት ተቀን ቀድተው ያስወጣሉ። ቀጂ ሲያልቅ ትርሳለች፣ ታብጣለች፣ ትደፈርሳለች። ክፋቱ ደግሞ እነዚህ ሕዋሶች በሰው ላይ ከሞቱ አይተኩም። ጎን ያለው ተለጥጦ ክፍተቱን ይሸፍናል እንጂ አዲስ አይወለድም። ስለዚህ ከለጋሹ ወደ አባትሽ የሚሻገረው በቁጥር የታወቀ ሠራተኛ ነው፤ በመንገድ ላይ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። እኛ "ማዘጋጀት" የምንለው ሥራ በሙሉ እነዚህን ቀጂዎች ሳይጨርሱ ለማድረስ ነው።

ሰው ሲያርፍ ሰዓት መቆጠር ይጀምራል። ዓይኑ ይከደናል፣ ራሱ በትራስ ከፍ ይደረጋል፣ ሽፋሽፍቱ ላይ በረዶ በጨርቅ ይቀመጣል። ቤተሰቡ ሲፈቅድ ባለሙያው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቢሆን ይመረጣል። ዙሪያውን በአዮዲን ያጸዳል፣ ዓይኑንም በቀጠነ አዮዲን ያጥባል፣ ከዚያ ኮርኒያዋን በዙሪያዋ ካለው ነጭ ክፈፍ ጋር አብሮ ቆርጦ ያነሳታል። ክፈፉ የሚቀረው ለመያዣ ነው፣ እንደ ስኒ ጆሮ። ወረንጦው የሚይዘው ክፈፉን ብቻ ነው። ጥርቷን አንድ ጊዜ ብትቆነጥጫት ወይም ብታጥፊያት፣ በእጥፋቱ መስመር ላይ ያሉት ቀጂዎች ያልቃሉ።

ከዚያ ሮዝ መልክ ያለው ፈሳሽ ወዳለበት ትንሽ ጠርሙስ ትገባለች። ፈሳሹ ሕዋሱን ይመግባል፣ ውስጡ ፀረ ባክቴሪያ አለ፣ ኮርኒያዋም አብዝታ እንዳትጠጣ ውሃ የሚስብ ነገር አለው። በ2 እና በ8 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ፍሪጅ ውስጥ እስከ 14 ቀን ትቆያለች። ይህን እንደ ቀላል እንዳታዪው። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ በ1905 እ.ኤ.አ. ሞራቪያ ውስጥ ኦሎሙክ ከተማ ነው የተሠራው፤ ኤድዋርድ ዚርም የሚባል ሐኪም፣ ዓይኑን ኖራ ላቃጠለው የቀን ሠራተኛ። ኮርኒያዋ የመጣችው ጉዳት ደርሶበት ዓይኑ መውጣት ከነበረበት የ11 ዓመት ልጅ ነበር፣ በሕይወት ካለ ልጅ። ከሬሳ ተወስዶ ይሠራል የሚለውን በስፋት ያሳየው ኦዴሳ የነበረው ፊላቶቭ ነው፣ በ1930ዎቹ። በቀዝቃዛ ፈሳሽ ለቀናት ማቆየት ደግሞ ከ1974 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ነው። ያ ባይኖር "ሐሙስ ድረሱ" ብሎ ጅማ ድረስ መደወል አይቻልም ነበር፤ ለጋሹ ያረፈ ዕለት ሌሊት ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ያደረ ብቻ ነበር የሚሠራለት።

ዓይን ባንክ ውስጥ ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛው የለጋሹ ደም ነው፤ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ቂጥኝ። አንዱ ከተገኘ ኮርኒያዋ እንደ ብርጭቆ ብትጠራም ትወገዳለች። ሁለተኛው የሞቱ ምክንያትና የቆየ በሽታው ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የሞተ፣ የደም ካንሰር የነበረበት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ አይወሰድም። ሦስተኛው ቆጠራው ነው። በልዩ ማይክሮስኮፕ የጀርባ ሕዋሶቹ እንደ ማር እንጀራ ሆነው ይታያሉ፣ ይቆጠራሉ። ጤነኛ ጎልማሳ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 2,500 ገደማ ይኖረዋል። ብዙ የዓይን ባንኮች እንደ አባትሽ ላለው ሙሉ ንቅለ ተከላ ከ2,000 በታች አይሰጡም።

አሁን ወደ እኔ ጠረጴዛ ደረስን።

ጠዋት ጠርሙሷን ከቅዝቃዜ አውጥቼ በክፍሉ ሙቀት አስቀምጣታለሁ። ሕዋሶቹ በብርድ አንቀላፍተዋል፣ ሲሞቃቸው ሥራ ይጀምራሉ። ከዚያ ወረቀቷን ለሐኪሙ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ቁጥሯ፣ ያረፈበት ቀንና ሰዓት፣ ጠርሙስ የገባችበት ሰዓት፣ የደም ውጤቱ፣ ቆጠራው፣ የሚያበቃበት ቀን። አንብቤ ስጨርስ ሌላ ሰው ደግሞ ያነባታል። ተማሪ ሳለሁ ይሄ ድግግሞሽ ያሰለቸኝ ነበር። በኋላ ግን ራሴ "ሌላ ሰውም ያንብብ" የምል ሆንኩ።

ቀጥሎ ጠርሙሷን ወደ መብራት አንስተን እናያታለን። ፈሳሹ ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል? የሚንሳፈፍ ነገር አለ? ኮርኒያዋ ተሸብሽባለች? ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ይደግመዋል። እዚህ ላይ "አትሆንም" ሊል ይችላል፤ ሲልም አይቻለሁ። ባንኩ ካያት ወዲህ ቀናት አልፈዋል፣ መንገድ ተጉዛለች።

ከሆነችም ሕጉ አንድ ነው። የለጋሹ ተቆርጦ ሳያልቅ የታካሚው ዓይን አይከፈትም። ኮርኒያዋን ክብ ጎድጓዳ መደብ ላይ በፊቷ እንደፋታለን፣ ጀርባዋና ቀጂዎቹ ወደ ላይ ሆነው። በሲሪንጅ አየር ስበን እናጣብቃታለን፤ ከላይ ክብ ምላጭ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንድ ጊዜ፣ ሳያወላውል። "ቀጭ" የምትል ድምፅ አለች፤ እስክሰማት ድረስ እኔ አልተነፍስም። የታካሚው 7.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የለጋሹ ብዙ ጊዜ 7.75 ወይም 8 ይደረጋል፤ ከጀርባ ሲቆረጥ ትንሽ ጠበብ ስለሚል ነው። አሁን ምላጩ ቢያዘነብል፣ ጠርዟ ቢቀደድ፣ ብትወድቅ፣ የታካሚው ዓይን ገና ስላልተነካ ልብሱን ለብሶ ይሄዳል። ተገላቢጦሽ ቢሆን ግን አስቢው፤ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ክዳኑ የለም።

ከዚያ ከራሷ ፈሳሽ አንጠባጥበንባት፣ በትንሽ ሳህን ከድነን፣ የታካሚው ዓይን እስኪዘጋጅ ትጠብቃለች። ስለዚያ ሳህን አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥርት ያለች ኮርኒያ ጥርት ባለ ፈሳሽ ውስጥ አትታይም። አንድ ቀን አዲስ የመጣ ረዳት ጠረጴዛ ሲያስተካክል ባዶ ሳህን መስሎት አንስቶ ሊደፋው ነበር። እጁን የያዝኩበት ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ እጁን ለቀናት አሞት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኗን ከጠረጴዛው ቀኝ ጥግ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ከብቤ ነው የማስቀምጠው። ሐኪሞቹ "የሲስተር አጥር" ይሉታል።

እንግዲህ ወደ አባትሽ። ዓይናቸው ሳይሸፈን ከወጡ ምላጭ አልነካቸውም ማለት ነው። ከጠርሙሷ ወይም ከቆረጣው ላይ ነው የቆመው። ወንድምሽ ያለውን ልመልስ። "አትሆንም" የተባለች ኮርኒያ ለባለ ገንዘብም አትሆንም። እኔ ተራ ሲዘለል ያየሁት ዓይኑ ተበስቶ ውሃው እየፈሰሰ ለመጣ ሰው ነው፤ ለዚያ ሰው ቆጠራዋ ያነሰች ኮርኒያም ቢሆን ቀዳዳ መድፈኛ ትሆናለች። ለማየት ሳይሆን ዓይኑን ለማትረፍ። ያላስረዷችሁ ግን ጥፋት ነው፣ ይህን አልከላከልም።

እውነት_ፈላጊ

ሲስተር በደንብ ጽፈሽዋል፤ እኔ ግን አንድ ነገር አይዋጥልኝም። ሰው ሞቶ ሳይቀበር ዓይኑ እየወጣ፣ ፊቱ እየተበላሸ፣ ቤተሰብ ምን ብሎ ይገንዘው? ደግሞስ አይሸጥም የሚለው በምን ይታወቃል?

ሲስተር_ሂርማታ

ወንድሜ፣ ጥያቄው የሚጠየቅ ነው። እናቴም ጠይቃኛለች።

ፊት አይበላሽም። የሚወሰደው ያቺ ጥርት ያለችው ሽፋን ከክፈፏ ጋር ነው፤ ሙሉው ዓይን በሚወሰድበትም ጊዜ ቦታው ተሞልቶ ሽፋሽፍቱ ይከደናል። ገንዘው የቀበሩ ቤተሰቦች ልዩነት አላየንም ሲሉ ሰምቻለሁ። ሥራው አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በዚያው ቀን ለሚቀብረው ለሙስሊሙም ቢሆን ቀብር አያዘገይም። ፈቃዱ በሃይማኖት በኩል እንዴት ነው የሚለውን ካህኑን ወይም ሼሁን ጠይቅ፤ እኔ በዚያ አልገባም።

ሽያጭ ላልከው፣ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው በልገሳ ነው፣ በሕይወት እያሉ ቃል በሚገቡ ሰዎችና በቤተሰብ ፈቃድ። እጥረቱ ነው ትልቁ ችግር። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው በሌላ የኮርኒያ ጠባሳ የመጣ ነው። ሁሉም በንቅለ ተከላ አይድንም፤ ትራኮማ ያደረቀው ዓይን አዲሷንም ያደርቃታል። የሚድነው ብቻ ቢቆጠር እንኳ ሰልፉ ረጅም ነው። መነጽር ያደርግ የነበረ፣ ስኳር የነበረበት፣ ሞራ የነበረበት ሰውም መለገስ ይችላል፤ ብዙ ሰው አልችልም ብሎ ይቀራል።

የሰቃ_ልጅ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አዌቱ ላይ ሲደርስ ሳቀ፤ ልጅ ሆኖ በክረምት ባልዲ ይዞ ቆሞ ያውቃል።

ከዚያ ግን ዝም አለ፣ ቆይቶ አንድ ነገር ነገረኝ። ለካ ለወር ያህል የደበቀኝ አለ። ያን ቀን ተጋድሞ ሳለ አንዷ ነርስ ለሐኪሙ "ቢጫ ሆኗል" ስትል ሰምቷል። ሐኪሙም መጥቶ አየና "አዎ፣ ይቁም" አለ። አባዬ ስለ እሱ ዓይን የሚያወሩ መስሎታል! የወፍ በሽታ ይዞኛል፣ ጉበቴ ሄዷል፣ ለዚህ ነው ያልሠሩኝ ብሎ በየጠዋቱ መስታወት ፊት በደህናው ዓይኑ ዓይኑን ሲያይ ከርሟል። ቅቤ ትቷል፣ ክትፎ ትቷል። እናቴ "ምን ነካህ" ስትለው "ጾም ነው" ይላታል። ምን ጾም በዚህ ወር!

ቢጫ የሆነው ምንድን ነው?

ሲስተር_ሂርማታ

ውይ አባባ! ቅቤያቸውን ዛሬውኑ ይመልሱላቸው።

ቢጫ የሆነው ፈሳሹ ነው። ሮዝ ነው ብዬሽ አልነበር? ያ ቀለም ለጌጥ የገባ አይደለም። ኮምጣጣነት ሲጨምር ከሮዝ ወደ ብርቱካን፣ ከዚያም ወደ ቢጫ የሚሄድ ማሳያ ነው። ባክቴሪያ ሲራባበት ፈሳሹ ይኮመጥጣል፣ እንደ ተረሳ ወተት። ቀለሙ ተናገረ ማለት ነው። ውስጡ ፀረ ባክቴሪያ ቢኖርም ሁሉንም አይገድልም፤ በብርድ ላይ ሳለ ደግሞ ጉልበቱ ያንሳል። ጠርሙሷ ከባንኩ ስትወጣ ጤነኛ ሆና፣ ከፍሪጅ ወጥታ በክፍሉ ሙቀት ስትቀመጥ ጀርሙ የሚነቃበት ጊዜም አለ። ቀለሙ ሁልጊዜ ይቀየራል ማለቴም አይደለም፤ ለዚህ ነው ከቆረጣ በኋላ የተረፈውን ክፈፍ ወደ ላቦራቶሪ የምንልከው፣ ጀርም ካደገ ሐኪሙ ቀድሞ እንዲያውቅ።

ያቺ ፈሳሽ የነካችው ኮርኒያ አባትሽ ዓይን ውስጥ ብትሰፋ ኖሮ በጥቂት ቀን ዓይናቸው መግል ይዞ ይነሳ ነበር። ጠባሳ ያለበት ዓይን ብርሃን ይለያል፤ መግል የያዘ ዓይን ግን ጨርሶ ሊወጣ ይችላል። ያቺን ነርስ አላውቃትም፤ ባገኛት ግን ግንባሯን እስማት ነበር። ሐኪም ለብሶ፣ ታካሚ ተኝቶ፣ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ "ቢጫ ሆኗል" ማለት ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ እኔ ብርቱካን መሰለኝ ብዬ ተናግሬ የመብራቱ ጥላ ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሙ ለሳምንት "ብርቱካን" ብሎ ጠራኝ። ቢሆንም በሚቀጥለው ደግሞ ተናግሬያለሁ።

አሁን ማድረግ ያለብሽን ልንገርሽ። ስልክ እስኪደወል አትጠብቂ፤ ደውለሽ ስማቸው ከዝርዝሩ እንዳልወጣ፣ "የተሠራለት" ተብሎ እንዳልተመዘገበ አረጋግጪ። ቀን ተሰጥቶት ገብቶ የወጣ ሰው በስህተት እንደተሠራለት ሲቆጠር አይቻለሁ። ዓይናቸው ቢቀላ ወይም አዲስ ሕመም ቢጀምር እዚሁ ጅማ ዓይን ክፍል ይታዩ፤ ያ ፈንገስ ተመልሶ ቢነሳ ንቅለ ተከላው መቆየት አለበት። ስትሄዱ ደግሞ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ያዢ።

ሾፌሩ_22

እኔ የተመለስኩ ዕለት ይህን ያወቀ ቢነግረኝ ኖሮ ከጥበቃው ጋር አልጣላም ነበር።

ሲስተር፣ አሁን መርፌ የማይገባበት፣ ስስ የሆነውን ብቻ የሚቀይሩበት መጥቷል ይሉኛል። ለእነ አባባ አይሆንም?

ሲስተር_ሂርማታ

አለ፣ ለአባባ ግን አይሆንም። እሱ የጀርባዋ ረድፍ ብቻ ለተበላሸበት ሰው ነው፣ ለምሳሌ የሞራ ኦፕራሲዮን ተደርጎለት ቀጂዎቹ ያለቁበት። የእሳቸው ጠባሳ መሃሉን ይዞታል።

ስለ ዝግጅቱ ግን ካነሳኸው ላውራ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ጥሬ ቡና ስትቆላ የሚበተነውን ገለፈት ታውቀዋለህ፣ እፍ ስትለው የሚበረውን። ከኮርኒያዋ ጀርባ የሚላጠው ሽፋን ከዚያም የቀጠነ ነው፤ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። እንዲታይ በሰማያዊ ቀለም ይነከራል፤ ተላጦ ሲወጣ ራሱን እንደ ጥቅልል ይጠቀልላል፣ ቀጂዎቹ ወደ ውጭ ሆነው። ሐኪሙ ዓይን ውስጥ ከቶ፣ ሳይነካው፣ በውሃ ግፊትና ከላይ በመታ መታ እያደረገ ይፈታዋል፣ ከስሩ አየር ነፍቶ ያጣብቀዋል። ታካሚው አየሩ ደግፎ እንዲይዘው ጣሪያ እያየ በጀርባው ይተኛል። የተገለበጠ ከሆነ ሁሉም ከንቱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቆሜ አይቻለሁ፣ ከእኔ ይልቅ ሐኪሙ አላበው።

የሰቃ_ልጅ

ደወልኩ። ስሙ አለ፤ "ተራው እንደተጠበቀ ነው" አሉኝ። ፈሳሹን ጠየቅኳቸው፤ ስልክ ያነሳችው ልጅ ካርዱን አውጥታ "አዎ፣ የፈሳሹ ቀለም ስለተቀየረ ተብሎ ተጽፏል" አለችኝ። ካርዱ ላይ ተጽፎ ሳለ ለእኛ ሁለት ደቂቃ ጠፋ ማለት ነው። ለወንድሜ አነበብኩለት፤ "እሺ" አለ፣ ከእሱ ይህን ማግኘትም ቀላል አይደለም።

አባዬ ቅቤውን ጀምሯል። አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ ብሎኛል፤ ከተሠራለት በኋላ ቡና መልቀም ይችላል ወይ?

ሲስተር_ሂርማታ

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቢተዉት እወዳለሁ። 16ቱ ስፌት ከፀጉር በቀጠነ ክር ነው የሚሰፋው፤ ክሩ ከወጣም በኋላ ያ ክብ መስመር እንደ ተፈጥሮው አይጠነክርም፤ ከዓመታት በኋላ በአንድ ምት የተከፈተ አለ። ቅርንጫፍ ደግሞ ማንን እንደሚመታ አይመርጥም። ሲመለሱ መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ውድ አይደለም፤ ብየዳ ቤት ብረት ሲፈጩ የሚያደርጉት ጎን ጎኑ የተዘጋው ግልጽ ፕላስቲክ ይበቃል። ጠብታውን ደግሞ ዳንኩ ብለው አያቋርጡ፣ ወራት ይወስዳል። ዓይናቸው ቢቀላ፣ ብርሃን ቢወጋቸው፣ እይታቸው ቢደበዝዝ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ።

የሰቃ_ልጅ

ባለ ብየዳው ጎረቤታችን አንድ መነጽር በነፃ ሰጠኝ። አባዬ ከአሁኑ ልልመደው ብሎ አድርጎት በረንዳ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቡና ይለቅማል፤ "ሞተረኛ አስመሰልሽኝ" ይላል። ስልኩን ግን ከደረት ኪሱ አያወጣም፤ ቻርጅ ሲደረግም አጠገቡ ነው የሚቆመው።